የማድ ቤት መደብና የቤት እሳት በኢሉባቦር ከተሞች

ማድ ቤት ሲታደስ ብዙ የሚያከራክሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሥራው የሚሠራበት መደብና እሳቱ የሚነድበት ስፍራ። በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ሁለቱንም አስቀድሞ የሚፈትናቸው እርጥበት ነው። ኢሉባቦር በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቃት ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላሉ፣ ማታ ማታ እሳት ያሰኛል፤ ክረምቱም ረዥም ነው።

ከቺፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ የተሠራ መደብ በዚህ አየር አያዋጣም። ላዩ ፎርማይካ ቢለብስም በሲንኩ ዙሪያ ባለው ጠርዝ ውሃ ይገባና ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ዋንዛ ከዚህ በብዙ ይሻላል፣ ግን ቦታው የካቢኔቱ በርና መደርደሪያው እንጂ ውሃ የሚፈስበት ላይ አይደለም።

ድንጋይ የሚመርጥ ሰው ከውሃው ይበልጥ ሊጡን ማሰብ ይኖርበታል። እምነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል። የቦካ የጤፍ ሊጥ ጎምዛዛነት ደግሞ አሲድ ነው። ማታ ሊጥ ሲቀዳ የተንጠባጠበ እርሾ በቡሃቃው ሥር ሳይጠረግ ቢያድር፣ ጠዋት በሚያብረቀርቀው ድንጋይ ላይ የቡሃቃውን ቂጥ የመሰለ ደብዛዛ ክብ ይታያል። ይህ እድፍ አይደለም፤ የድንጋዩ ገጽ ራሱ ስለተበላ በሳሙና ቢታሽ አይለቅም፤ መልሶ መወልወያ ማሽን ይፈልጋል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው ነጩ የዳለቲ እምነበረድ ለደረጃና ለሳሎን ወለል እጅግ ያማረ ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት መደብ ላይ ማንጠፍ ግን ድንጋዩንም ገንዘቡንም መበደል ነው። ቴራዞም በሲሚንቶና በእምነበረድ ፍርክስካሽ ስለሚሠራ ከዚህ ጣጣ አያመልጥም።

ግራናይት በኳርትዝና በፌልድስፓር የተገነባ በመሆኑ ሎሚም እርሾም አይነካውም። በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ እምነበረድ 3 አካባቢ ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል፤ ቢላዋም በቀላሉ አይጭረውም። ጉድለቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ናቸው፤ በርበሬና እርድ የገባበት ዘይት ነጣ ባለው ግራናይት ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ሲገዛ ውሃ ጠብ አድርጎ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከሥሩ ከጠቆረ ድንጋዩ ውሃ ይጠጣልና ማሸጊያ ቅባት ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ ሌላ ይመረጣል።

ክብደቱ ሌላ ጉዳይ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ ወደ 78 ኪሎ ይጠጋል። የጭቃ ግድግዳ ይህን አይሸከምም፤ በብሎኬት ወይም በጡብ እግር ማቆም ግድ ነው። የጭቃ ቤት ማዕዘን ቀጥ ያለ ስለማይሆንም ድንጋዩ ከመቆረጡ በፊት ልኩ በካርቶን ቢወሰድ ይበጃል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ድንጋይ ሁለት ጣት ቢያጥር የሚመልሰው የለም። ቡና ሲወቀጥ ሙቀጫው ወለል ላይ ይሁን፤ ግራናይት ጭረትን እንጂ ምትን አይችልም።

አቅም ለማይፈቅድለት ሴራሚክ በቂ ነው። የሚበላሸው መጋጠሚያው ላይ ያለው ፉጋ ስለሆነ፣ ሰፋፊውን መርጦ መጋጠሚያውን ማሳነስ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ የመደቡን ወርድ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። ዝቅ ያለ የራሱ ማስቀመጫ ቢሠራለት የምትጋግረውንም ክንድ ያሳርፋል። ኃይሉ ከ3.5 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚሄድ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል።

ሳሎን ውስጥ የሚገጠም የጋዝ ምድጃ ነበልባሉ ደስ ያሰኛል፣ አመድም የለውም። በኢሉባቦር ግን ጋዝ በቱቦ አይደርስም፤ ያለው ሲሊንደር ብቻ ነው። 6 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ምድጃ በሰዓት ግማሽ ኪሎ ያህል ይበላል፤ 12.5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ማታ ማታ 4 ሰዓት ቢነድ ሳምንት አይሞላም። ጭስ ማውጫ የሌለው ዓይነት ሌላም መዘዝ አለው። 1 ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከ1.5 ሊትር በላይ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል፤ ይህ ቀድሞውኑ በረጠበ ቤት ውስጥ ኮርኒሱን ያሻግታል። የግድ ከተፈለገ ድርብ ቱቦ ያለው ይመረጥ፤ በውጭኛው ቱቦ ከደጅ አየር ይስባል፣ በውስጠኛው የተቃጠለውን ያስወጣል።

ስለዚህ ጋዙን ለወጥና ለሻይ ማዋል፣ ለሙቀት ደግሞ ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ መሥራት ለአካባቢው ይስማማል። ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ማስገባት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ጉድጓድ ወይም ምድር ቤት ውስጥ ማኖር አደጋ ነው። መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል ማለት ነው። ጎማው በግድግዳው የሚያልፍበት ቀዳዳና የጭስ ማውጫው በቆርቆሮው የሚወጣበት ክፍተት መደቡ ከመነጠፉ በፊት ይሠራሉ። በቆርቆሮው ክፍተት ዙሪያ ላሜራ ይታጠፋል፣ የቱቦው ጫፍም ኮፍያ ይደረግለታል፤ የመጀመሪያው ዝናብ እስኪጥል ድረስም ኮርኒሱ ባይዘጋ ይመረጣል፣ የሚያፈስበት ቦታ በዓይን እንዲታይ።