ቲኬቱ ስልክ ውስጥ ሲገባ ኃላፊነቱ ወደ መንገደኛው መጣ

በቅርቡ ለዑምራ የሚጓዙ አንዲት እናታችንን ልንሸኝ ቦሌ ሄደን ነበር። ቲኬቱን የቆረጠላቸው ልጃቸው ነው፤ ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ። ተሰነባብተን ወደ ውስጥ ከገቡ ብዙም ሳይቆዩ ስልክ ተደወለ። «መሐመድ» የሚለው የአባታቸው ስም ፓስፖርታቸው ላይ መሀሉ በሁለት ኤም ተጽፏል፤ ቲኬቱ ላይ ደግሞ በአንድ። ስሙ እስኪስተካከል እናታችን አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ጠበቁ። አልሐምዱሊላህ፣ በረራው አላመለጣቸውም። ልጁ ግን «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እያለ ውጭ ሲጨነቅ አየነው።

ይህ ገጠመኝ የአየር ጉዞ እንዴት እንደተለወጠ በደንብ ያሳያል። ቀድሞ በቢሮ ሠራተኛ ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ በመንገደኛው እጅ ገብቷል። ሥራው ሲመጣ ኃላፊነቱም አብሮት መጥቷል።

ከወረቀት ወደ ኮድ

የወረቀት ቲኬት ጊዜው ያለፈበት በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ2008 አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ቲኬት ማለት በአየር መንገዱ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መዝገብ ነው። በመንገደኛው እጅ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ባለ 6 ፊደልና ቁጥር የቦታ መያዣ ኮድና ባለ 13 አኃዝ የቲኬት ቁጥር። የቲኬት ቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች አየር መንገዱን ይለያሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው።

ታዲያ አንድ ፊደል ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል? በፓስፖርታችን የፎቶ ገጽ ግርጌ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የያዙ ሁለት መስመሮች አሉ። የተጻፉት ለማሽን ነው። ብዙ አገሮች የመንገደኛውን መረጃ አስቀድመው ተቀብለው ከቪዛው ጋር ያመሳክራሉ። የእኛ ስሞች ደግሞ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገሩ ብዙ መልክ ይይዛሉ። ፋጡማ፣ ኸዲጃና ዐብዱረሕማን በየቀበሌው በየዓይነቱ ይጻፋሉ። ሰው አንድ ስም መሆኑን ይረዳል፤ ማሽን ግን ፊደል ብቻ ነው የሚያስተያየው። ስለዚህ ቲኬት ስንቆርጥ ስሙን ከትምህርት ማስረጃ ወይም ከጆሮ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል እንገልብጥ።

ሌላም አለ። አንዳንዶቻችን ከመሳፈራችን በፊት የቦርዲንግ ፓሳችንን ፎቶ በቴሌግራምና በፌስቡክ እንለጥፋለን። በባርኮዱ ውስጥ ስማችንና የቦታ መያዣ ኮዳችን አለ። በብዙ አየር መንገዶች እነዚህን ሁለቱን የያዘ ሰው መዝገባችንን ከፍቶ የመልስ ጉዟችንን እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል።

በሻንጣ ውስጥ ያለው እሳት

ዛሬ ሁሉም ሰው ፓወር ባንክ ይዞ ይጓዛል። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ወይም ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ አንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ሳይነሣ በእሳት ተያያዘ። በውስጡ የነበሩት 176 ሰዎች በሕይወት ወጡ። መርማሪዎች መነሻው ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጸዋል።

ፓወር ባንክ ከሥር በሚጫን ሻንጣ እንዳይገባ የሚከለከለውም ለዚህ ነው። መንገደኞች ባሉበት ቢጨስ ሠራተኞች ፈጥነው ይደርሱበታል፤ ከሥር ግን የሚያየው የለም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ኤምሬትስ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ መጠቀሙን ጭምር ከልክሏል። በልብስ ጠቅልሎ ከሥር መጫን «ካላዩኝ ምን አለበት» የሚባል ነገር አይደለም። የመቶዎች ነፍስ አማና ነው።

ሻንጣ ወይስ ነፍስ?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ ኤርፖርት የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ትልቁ አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ ቢቃጠልም 379ኙም ሰዎች ወጡ። ከምክንያቶቹ አንዱ መንገደኞቹ የሠራተኞቹን ትእዛዝ ሰምተው ሻንጣቸውን ትተው መውጣታቸው ነው። ትላልቅ አውሮፕላኖች ፈቃድ የሚያገኙት ከመውጫ በሮቻቸው ግማሹ ብቻ ተከፍቶ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ታይቶ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ሻንጣ ለማውረድ የተተወ ጊዜ የለም።

የዓመታት ልፋቷን በእጅ ሻንጣዋ ይዛ ከዐረብ አገር ለምትመለስ እህት «ትተሽ ውጪ» የሚለው ቃል ከባድ መሆኑን እንረዳለን። መፍትሔው ቀድሞ መዘጋጀት ነው። ፓስፖርት፣ ገንዘብና ወርቅ ከሰውነት በማይለይ ትንሽ ቦርሳ ይያዙ።

ማን ያስተምር?

ቴክኖሎጂው ለወጣቱ ሰልፍ አሳጥሮለታል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችንና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጓዙ እህቶቻችን ግን አንዳንዴ አዲስ ግድግዳ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ቲኬት የቆረጠ ልጅ ሥራው ክፍያው ሲያልፍ አያበቃም። ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳክር፤ ቲኬቱን በወረቀት አትሞ ይስጥ፤ የተቀባዩን ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፎ በቦርሳቸው ያስቀምጥ፤ ፓወር ባንኩ የት እንዳለ አብሮ ይፈትሽ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያቺን አንድ ሰዓት ቆመው ለጠበቁት እናታችን ይህ አሥር ደቂቃ ትልቅ ውለታ ይሆን ነበር።

አላህ ለመንገደኞቻችን ጉዟቸውን ገር ያድርግላቸው።