ድልድዩን ሲሻገሩ ሽጉጡስ?

ቅዳሜ ምሽት ነው እንበል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ካለው ቤትዎ ቤተሰብዎን ይዘው ለእራት ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ወጥተዋል። ሽጉጥዎን ወገብዎ ላይ ሻጥ አድርገዋል፤ የቨርጂኒያ ፈቃድዎም ቦርሳዎ ውስጥ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ግን ከሕጋዊ ባለፈቃድነት እስከ 5 ዓመት እስራት ወደሚያስቀጣ ወንጀል ተሸጋግረዋል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ሁለት ጊዜ ከተዘረፈ በኋላ ሽጉጥ ገዛ፣ ሥልጠና ወሰደ፣ ደብቆ የመያዝ ፈቃድም አወጣ። እዚያ ፈቃዱን የሚሰጠው የሚኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ፍርድ ቤት ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል። «በቃ፣ አሁን የትም ብሄድ ሕጋዊ ነኝ» አለኝ። እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን ሕጉን ቁጭ ብለን አብረን ስናነበው «የትም» የሚለው ቃል ብዙም አልቆየም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰጠው ውሳኔ ሰው ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ ይዞ ከቤቱ የመውጣት መብት እንዳለው አረጋግጧል። በዚያው ውሳኔ ትምህርት ቤትንና የመንግሥት ሕንፃን በመሳሰሉ ቦታዎች መከልከል እንደሚቻልም ተናግሯል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ታዲያ እያንዳንዱ ግዛት ነው። መንጃ ፈቃድዎ ከግዛት ግዛት ይሠራል፤ የሽጉጥ ፈቃድ ግን እንደዚያ አይደለም። የቨርጂኒያን ፈቃድ ዲሲም ሆነ ሜሪላንድ አይቀበሉትም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን እህትዎን ለመጠየቅ ሲሄዱም ነገሩ ያው ነው።

«እንግዲያው የዲሲን ፈቃድ ላውጣ» ይሉ ይሆናል። ይቻላል፤ የከተማዋ ነዋሪ ላልሆነም ይሰጣል። የ16 ሰዓት ትምህርትና የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ይጠይቃል። ፈቃዱን ይዘው ግን የት ይገባሉ? መጠጥ ቤት ክልክል ነው። እርስዎ ውኃ ብቻ ቢጠጡም ለውጥ የለውም። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ስታዲየም፣ ሰላማዊ ሰልፍ፣ የከተማው መንግሥት ቢሮዎች ሁሉ ክልክል ናቸው። ሜትሮ ባቡርም እንደዚሁ። ከሮስሊን ጣቢያ ተነስቶ በወንዙ ሥር አልፎ ፎጊ ቦተም የሚደርሰው ባቡር ከቨርጂኒያ ሕግ ወደ ዲሲ ሕግ የሚያሻግርዎት ከመሬት በታች ነው፤ ወሰኑን በዓይንዎ እንኳ አያዩትም።

ቤተ ክርስቲያንስ? መስጊድስ? የዲሲ ሕግ እንደተከለከሉ ቆጥሮ ይነሳል። ይዞ መግባት የሚቻለው የሚፈቅድ ምልክት በግልጽ ከተለጠፈ ወይም የቦታው ኃላፊዎች ከፈቀዱ ብቻ ነው። የሌላ ሰው መኖሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ለክርስትና ተጠርተው ሲሄዱ መጀመሪያ ባለቤቱን ማስፈቀድ አለብዎት።

ወደ ቨርጂኒያ እንመለስ። እዚህ ሕጉ ላላ ያለ ነው። ባለፈቃድ ሰው ሽጉጡን ደብቆ መጠጥ ወደሚሸጥ ምግብ ቤት መግባት ይችላል፤ አልኮል ግን አይቀምስም። ባለቤቱ «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ ከለጠፈ ፈቃድዎ እዚያ ቤት አይሠራም። ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይህችን ልብ በሉ፦ ባለፈቃድ ሰው ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሲሄድ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ መኪናው ውስጥ እስካለ ድረስ ሽጉጡን እንደደበቀ መያዝ ይችላል። የልጁን ቦርሳ ለመቀበል ሽጉጡን እንደታጠቀ ከመኪናው ከወረደ ግን ነገሩ ተለወጠ። የአክስቴ ልጅ የደነገጠው እዚህ ላይ ነው፤ በየቀኑ የሚወርድ አባት ነውና።

መሣሪያ ይዞ ዲሲን አቋርጦ ማለፍ የግድ ከሆነስ? የፌዴራሉ ሕግ የሚጠብቅዎት መያዝ ከሚፈቀድልዎ ቦታ ተነስተው መያዝ ወደሚፈቀድልዎ ሌላ ቦታ ሲጓዙ ነው። ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ፣ ከመኪናው ኋላ ሻንጣ መጫኛ ውስጥ ያለና እጅ የማይደርስበት መሆን አለበት። ለእራት ዲሲ ቁጭ ያለ ሰው አላፊ አግዳሚ አይባልም።

ከእስራቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መግዛት ይፈቀድለታል። ነገር ግን መሣሪያን ከሕግ ውጭ ይዞ በመገኘት ከተፈረደበት፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ይህን ብቻውን ከአገር ለማስወጣት ምክንያት አድርጎ ይወስደዋል። ለአሜሪካዊ ጎረቤትዎ በጠበቃ ክፍያና በቅጣት የሚያልቅ ጉዳይ ለእርስዎ ቤተሰብን የሚበትን ሊሆን ይችላል። ከአገር ቤት በጉብኝት ቪዛ የመጣ ወንድምዎንም «ና ተኩስ እናሳይህ» ብለው ወደ መለማመጃ አይውሰዱት። እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ በእንዲህ ዓይነት ቪዛ ላይ ያለ ሰው መሣሪያ በእጁ መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው።

በመጨረሻም ለበዓል አገር ቤት ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። አየር ማረፊያዎች በ2023 በተሳፋሪዎች የእጅ ሻንጣ ውስጥ 6,737 መሣሪያ ተይዞባቸዋል፤ 93 በመቶው ጥይት የጎረሰ ነበር። ብዙዎቹ የሚሰጡት መልስ «ረስቼው ነው» የሚል ነው። ቅጣቱ ወደ 15,000 ዶላር ሊጠጋ ይችላል። ዳላስ አየር ማረፊያ ከመሄድዎ በፊት በሌላ ጊዜ ሽጉጥ የያዙበትን ቦርሳ ኪሶች አንድ በአንድ ይፈትሹ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሽጉጡን ቤት ካዝና ውስጥ ቆልፎ ይወጣል። ቁልፉ ከልጆቹ ርቆ ከሚስቱ ዘንድ ነው።