አሮጌ ጠመንጃ ከመግዛታችን በፊት

በሬ ስንገዛ ዝም ብለን አንገዛም። ጥርሱን እናያለን። ጀርባውን እንዳስሳለን። ኮቴውን እናነሳለን። ሲራመድ ከኋላው እንከተለዋለን። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንጠይቃለን። «ለምን ትሸጠዋለህ?» እንላለን። በሬ ሀብታችን ስለሆነ ይህን ሁሉ እናደርጋለን።

ጠመንጃ ስንገዛ ግን ብዙዎቻችን እንዲህ አናደርግም። ብረቱ ሲያብለጨልጭ፣ ሰደፉ በቅቤ ታሽቶ ሲያምር ልባችን ይሸፍታል። ሻጩ አንድ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ሲያደርገው «በቃ፣ ደህና ነው» እንላለን። ከዚያ በሬው ይነዳና ገበያ ይወጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ አገር ጠመንጃ ከብረትነቱ በላይ ዋጋ አለው። ስለዚህ በደህና ዋጋ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ጠመንጃ ለምን ተወደደ?

ጠመንጃ ወደ አገራችን በብዛት የገባው በአፄ ዮሐንስና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነት የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ብዙ ጠመንጃ ተማረከ። በ1888 ዓ.ም. በአድዋም እንዲሁ ከጣሊያን ተማረከ። ከውጭ ነጋዴዎች የተገዛውም ብዙ ነው።

በዚያ ዘመን በጣም የታወቀው ውጅግራ ነው። ስሙ የፈረንሳይ ነው። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፉዚ» ይሉታል። ያሻሻለው መኰንን ደግሞ ግራ ይባላል። እነሱ «ፉዚ ግራ» አሉ፤ አባቶቻችን «ውጅግራ» አሉት። የወጣው በፈረንጆች 1874 ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ጥይቱ ወፍራም ነው፤ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው።

የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብም ሠርቷል። አንዱ ማርትሬዛ ብር ሲመነዘር አሞሌ ጨውም ጥይትም ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ጥይት ራሱ ገንዘብ ከሆነ ጠመንጃው ምን ያህል እንደሚከበር መገመት አያስቸግርም።

ቀጥሎ በልጅግ መጣ። ይህም ስሙን ያገኘው ከተሠራበት አገር፣ ከቤልጅግ ነው። ጥይቱ ከውጅግራ ቀጠን ያለ ነው፤ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 5 ጥይት ይጎርሳል።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ የጎጃምን ገበሬ መሣሪያ ሊገፍ ተነሣ። ገበሬው እንዲሸፍት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀና ሌሎችም አርበኞች በአባቶቻቸው ጠመንጃና ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ተዋጉ።

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ገበሬው መሬቴ ሊለካና ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሰጋ። የቢቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬ አሮጌ ጠመንጃውን አንስቶ እምቢ አለ። መንግሥት ጦር ሠራዊት ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። ያን ጊዜ ቤት ተቃጥሏል፤ ሰውም ሞቷል።

ጠመንጃ በእኛ ዘንድ የተወደደው ይህ ሁሉ ታሪክ ስላለበት ነው። ሻጭም ይህን ያውቃል። የብረቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የክብሩንም ዋጋ ይጠይቀናል። ለክብሩ የምንከፍለውን እያወቅን እንክፈል። ለተበላሸ ብረት ግን አንክፈል።

ጠመንጃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

በአሜሪካ አገር ዊንቸስተር የሚባል ጠመንጃ አለ። ከምላጩ በታች እንደ ቀለበት ያለ እጀታ አለው። እጀታው ወደ ታች ሲገፋ ያለቀውን ቀለህ ይተፋል። ወደ ላይ ሲመለስ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። በዚያ አገር ገበሬውና ከብት ጠባቂው ይህን አሮጌ ጠመንጃ እስከ ዛሬ እየገዛ ይሸጣል።

የእኛ አባቶች ጠመንጃ አሠራሩ ሌላ ነው። በጎን በኩል የበር መቀርቀሪያ የመሰለ ብረት አለው። ብረቱ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሳባል። ሲመለስ ጥይቱን ያጎርሳል፤ ተጫኖም ይዘጋል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ብረት መቀርቀሪያ እንለዋለን። የአሜሪካኑም ሆነ የእኛው ሲመረመር የሚታየው ነገር ግን ተቀራራቢ ነው።

በመጀመሪያ ወረቀቱን እንይ

ከብረቱ በፊት ወረቀቱ ይታያል። ዛሬ የሚሠራው ሕግ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ወንጀል ነው። ስለዚህ ሻጩ ፈቃድ ከሌለው ነገሩ እዚያው ያበቃል። ፈቃድ ካለውም ሁለታችን ፖሊስ ዘንድ ቀርበን፣ ዝውውሩ ሲፈቀድ ነው የምንገዛው። በጫካ ወይም በሌሊት የሚሸጥ ጠመንጃ ቢረክስም ውድ ነው። ጠመንጃውም ገንዘቡም ይወሰዳል፤ ሰውየውም ይታሰራል።

ሌላም ነገር አለ። ጠመንጃው ተሰርቆ ይሆናል። ወይም ሰው ተገድሎበት ይሆናል። ደም ያለበት ጠመንጃ የገዛ ሰው የማያውቀውን ጠላት ቤቱ አስገባ ማለት ነው።

በጠመንጃው ብረት ላይ ቁጥር ተቀርጿል። በፈቃዱ ወረቀት ላይም ቁጥር ተጽፏል። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ቀድሞ ማንበብ የማንችል ጊዜ ደላላው «አንድ ነው» ካለን አንድ ነው ብለን እንቀበል ነበር። ዛሬ ግን 1ን ከ7፣ 6ን ከ9 እንለያለን። ወረቀቱን በአንድ እጃችን እንያዝ። በሌላ እጃችን ብረቱን በጨርቅ እንወልውል። ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እናንብብ። አንዷ ቁጥር ከተለየች አንገዛም። የተፋቀ ወይም በመሮ የተመታ ቁጥር ካየንም አንገዛም።

ብረቱን እንዴት እንመርምር?

1. ባዶ መሆኑን እንወቅ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢለንም አንመን። አፈሙዙን ወደ ሰው፣ ወደ ቤት ወይም ወደ ከብት አናዙር። ጣታችንን ከምላጩ እናርቅ። መቀርቀሪያውን ከፍተን በዓይናችን እንይ፤ በጣታችንም እንዳስስ። «ባዶ ነው» በተባለ ጠመንጃ ስንት ሰው ወንድሙን አጥቷል!

2. ውስጡን እንይ። ሻጩ መቀርቀሪያውን ያውጣው። ከኋላ በኩል በቱቦው ወደ ብርሃን እንመልከት። ውስጡ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ መስመር አለው። ይህ መስመር ጥይቱን እያሽከረከረ ቀጥ አድርጎ ይሰደዋል። መስመሩ ጥርት ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። ከደበዘዘ ጠመንጃው ደክሟል። ምስጥ እንደ በላው እንጨት ከተቦረቦረ ዝገት ጨርሶታል። የጥቁር ባሩድ ጭስ ካልታጠበ ብረት ይበላል። ስለዚህ በአሮጌ ውጅግራ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል።

3. ቱቦውን ከውጭ እንዳስስ። ከላይ እስከ ታች ጣታችንን እናሳልፍ። እንደ እባብ ሆድ ያበጠ ቦታ ካገኘን ወይም የተሰነጠቀ ካየን በነጻም ቢሰጠን አንውሰድ። ሲተኮስ ይፈነዳል። እጅና ዓይን ያጠፋል።

4. መቀርቀሪያውን እንይ። ብዙ ጊዜ በእሱም ላይ ቁጥር አለ። ከጠመንጃው ቁጥር ጋር ከተለየ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው በደንብ ላይገጥም ይችላል። ሲዘጋ ጠበቅ ማለት አለበት። የሚወላገድ ከሆነ አደገኛ ነው።

5. እንጨቱን እንይ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ወይም በጠፍር የታሰረ ከሆነ ዋጋ እንቀንሳለን እንጂ አንሸሽም። እንጨት አናጢ ይሠራዋል። የፈነዳ ብረት ግን ማንም አይጠግነውም።

6. ጥይቱን እንጠይቅ። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው። የውጅግራ ጥይት እንደ ድሮው አይገኝም። የተተኮሰ ቀለህ በባሩድ ተሞልቶ ቢመጣ አንመነው። ባሩዱ ከበዛ አሮጌውን ብረት ይሰብራል። ደግሞም የአንዱን ጠመንጃ ጥይት ለሌላው «ይሆናል» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል።

ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ የሚሞከር ከሆነ ባለቤቱ ይተኩስ። የራሱን ጠመንጃ ለመተኮስ የፈራ ሻጭ መልሱን ሰጥቶናል። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁን እናንሳ። ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ጠመንጃው ጤና የለውም።

ዋጋውን እንዴት እናስላ?

እርስ በርስ የማይተዋወቁ 3 ሰዎችን እንጠይቅ። ደላላው ከነሱ አንዱ አይሁን። የዚያ ዓይነት ደህና ጠመንጃ ስንት እንደሚያወጣ ይንገሩን። ለምሳሌ ያህል አንዱ 50 ሺህ ብር፣ ሁለተኛው 60 ሺህ፣ ሦስተኛው 55 ሺህ አሉ እንበል። ይህ ስሌት ለመማር የወጣ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ሦስቱን ስንደምር 165 ሺህ ይሆናል። ለ3 ስናካፍል 55 ሺህ ይመጣል። መነሻችን ይህ ነው።

አሁን ጉድለቱን እንቀንስ። ሰደፉን ለማሠራት 3 ሺህ ብር የሚፈጅ ከሆነ 52 ሺህ ይቀራል። ማነጣጠሪያው ተጣሞ ለማስተካከል 2 ሺህ ከፈለገ 50 ሺህ ይቀራል። የቱቦው መስመር ከደበዘዘ ደግሞ ከዚህም እንወርዳለን፤ እሱ አይጠገንምና። ሻጩ ከተስማማ መልካም ነው። ካልተስማማ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን ወደ ቤታችን እንመለስ። ገበያ ነገም ይቆማል።

ከተስማማን ገንዘቡ በሽማግሌ ፊት ይቆጠር። ስምምነቱ ይጻፍ። የጠመንጃው ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ ቀኑና የምስክሮቹ ስም ይግባበት። ከመፈረማችን በፊት ራሳችን እናንብበው። ያላነበቡትን ወረቀት መፈረም ዓይንን ጨፍኖ ገደል መሄድ ነው።

የበሬው ጥያቄ

አንድ ነገር ቀረ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሁለት በሬ ያለው ገበሬ አንዱን ሸጦ ጠመንጃ ቢገዛ በአንድ በሬ ይቀራል። በአንድ በሬ ጥማድ አይሆንም። መቀናጆ መግባት አለበት። ዝናቡ ሲመጣ የባልንጀራውን ተራ ይጠብቃል። ጤፍ ደግሞ ጊዜውን ካለፈ አይጠብቅም። ሚስቱና ልጆቹ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያዩታል፤ ጎተራው ግን ጎደሎ ነው። ተበድሮ ከገዛማ የባሰ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል።

ጠመንጃ አይገዛ አላልንም። ከሞጣ እስከ ቢቸና ጠመንጃ የአባት ቅርስ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። እኛ ያልነው ዋጋው ሻጩ በጠራው ብር ብቻ አይለካም ነው። ለእኛ የሚስማማ ዋጋ ማለት ሕግ ያወቀው፣ ብረቱ ጤነኛ የሆነ፣ ከከፈልንም በኋላ ጥማዳችን ያልተፈታበት ዋጋ ማለት ነው።

እንወያይ

1. የጠመንጃውንና የወረቀቱን ቁጥር ለምን ራሳችን እናነባለን?
2. ዋጋ ተቀንሶለት የሚገዛ ጉድለት የትኛው ነው? በነጻም የማይወሰደውስ?
3. ከመካከላችን በሬ ሸጦ ጠመንጃ የገዛ አለ? በቀጣዩ ክረምት እርሻው እንዴት ሆነ?