ሰሙ ሲወጣ የሚቀረው

አንጥረኛ መስቀል ሲሠራ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት አሙቆ ሰሙን ያፈሰዋል፤ በቀረው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይሞላበታል። ቅኔው «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የወረሰው ከዚህ ሙያ ነው። ሜሶፖረስ ሲሊካ የሚባለው ነጭ ዱቄትም የሚሠራው በተመሳሳይ ብልሃት ነው፤ ሰም አለው፣ ጭቃ አለው፣ እሳት አለው። ወርቅ ግን አይፈስበትም፤ ወርቁ ባዶው ቦታ ራሱ ነውና። ሲሊካ የአሸዋም የመስታወትም ዋና አካል ስለሆነ ብርቅ አይደለም። ብርቁ በልክ የተሠራው ቀዳዳ ነው፤ ቁሱም መመዘን ያለበት በዚህ ነው።

ሞለኪውላዊ ወንፊት የሚባለው ሞለኪውሎችን በመጠናቸው የሚለይ ጠጣር ነገር ነው። ነባሩ ወንፊት ዜኦላይት ነው፤ በነዳጅ ማጣሪያዎች የከባድ ዘይትን ሞለኪውል ቆራርጦ ቤንዚን ለማውጣት ያገለግላል። ቀዳዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ናኖሜትር፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ ስለማያልፍ ግዙፍ ሞለኪውል በር ላይ ይቀራል። ተራው ሲሊካ ጄል ሰፋ ያለ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ግን እንደ እንጀራ ዓይን አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። ሰፊም እኩልም የሆነውን ቀዳዳ ለዓለም ያስተዋወቁት እነ ቻርልስ ክሬስጅ ናቸው፤ የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች ሳሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ኤምሲኤም-41 የተባለውን ሜሶፖረስ ሲሊካ በኔቸር መጽሔት ይፋ አደረጉ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የጃፓን ተመራማሪዎችም በሌላ መንገድ ወደዚያው ተቃርበው ነበር።

ሰሙ የሳሙና ዘመድ ነው። ሞለኪውሉ ውኃ የሚወድ ራስና ውኃ የሚሸሽ ረጅም ጭራ አለው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ጭራዎቹ ወደ ውስጥ ተሸሽገው ራሶቹ ወደ ውጭ ይቀራሉ፤ እንደ ዘንግ ይጠቀለላሉ፤ ዘንጎቹም እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን ይደረደራሉ። የተሟሟ ሲሊካ ሲጨመር አሉታዊ ሙሌቱ ወደ ራሶቹ አዎንታዊ ሙሌት ስቦት ዘንጎቹን ይለብጣቸዋል። የሚዘቅጠው ነጭ ዝቃጭ ተጣርቶ፣ ታጥቦና ደርቆ በ550 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እቶን ውስጥ ሲቆይ ሰሙ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ቱቦው ይቀራል። ጭራው ሲረዝም ቀዳዳው ይሰፋል። የአንድ ግራም ዱቄት ውስጣዊ ገጽ 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከሁለት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበልጣል። በ1998 በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤስቢኤ-15 ደግሞ በፖሊመር ሰም ቀዳዳውን እስከ 30 ናኖሜትር አሰፋው፤ ግድግዳውንም አወፈረው።

«ታዲያ ዜኦላይትን ለምን አልተካም?» ቢባል ጥያቄው ተገቢ ነው። የኤምሲኤም-41 ግድግዳ ክሪስታል ስላልሆነ አሲድነቱ ደካማ ነው፤ በትኩስ እንፋሎትም ይፈርሳል። ይህ ግን በሌላው ሥራ መመዘን ነው። በ2001 የማድሪድ ተመራማሪዎች አይቡፕሮፌን ሞልተውበት መድኃኒቱ ቀስ እያለ እንደሚወጣ አሳዩ። ግድግዳው በድኝ ውህድ ሲለበጥ ሜርኩሪን ከውኃ ይለቅማል፤ በአሚን ሲለበጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይይዛል። ሰሙን ማቃጠል ብክነት ነው የሚለው ወቀሳ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሰሙ ከሲሊካው ሊወደድ ይችላልና። ቢሆንም በአልኮል አጥቦ አውጥቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ለሰፊ ምርትም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው።

ለባዶው ትልቁ ምስክር የመጣው ከኮሪያ ነው። የርዮንግ ርዩ ቡድን የኤስቢኤ-15ን ቀዳዳ በስኳር ሞላው፤ ስኳሩን ያለ ኦክስጅን አክስሎ ሲሊካውን በኬሚካል አሟሟው። የቀሩት የካርቦን ዘንጎች ሥርዓታቸውን እንደጠበቁ ተገኙ። በዚህ ጊዜ ወርቁም ፈሰሰ፤ ጭቃው ቢጠፋም ባዶው የሰጠው ቅርጽ ቆሞ ቀረ።