የላቦራቶሪ ባለሙያው ዓይንና አስተዋይ ማሽን

በአንድ የሥራ ቦታ ካለው ዕውቀት ብዙው የሚገኘው በመመሪያ ውስጥ ሳይሆን በሠራተኛው ዓይን፣ እጅና ልማድ ውስጥ ነው። ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ባለቤቱ በየዕለቱ እየሠራበት በቃል ለማስረዳት የሚቸገርበትን ስውር ዕውቀት በቃል ከሚገለጠው ለይቶ አሳይቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ከብዙ ምሳሌ ተምሮ ፍርድ የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ወደ ሥራ በገባ ቁጥር በቅድሚያ የሚፈልገው ይህንኑ ስውር ዕውቀት ነው።

ነገሩን በግልጽ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ በጎንደር የሚሠራው የካላዛር ምርመራ ነው። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍና በጊዜ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ በተለይ ከሰሜን ጎንደር ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታሉ እነዚህን ሕሙማን ያክማል። ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ የተወሰደው ናሙና በጊምሳ ቀለም ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ባለሙያው ከሁለት እስከ አራት ሺኛ ሚሊሜትር ብቻ የሚሆነውን ጥገኛ ተሕዋስ ፕሌትሌት ከተባለው የደም ክፍልና ከቀለም ዝቃጭ መለየት አለበት፤ መመሪያው ኒውክለሱንና ከጎኑ ያለውን ኪኔቶፕላስት የተባለ ትንሽ አካል ፈልግ ይላል እንጂ፣ ቀለሙ ሲደበዝዝ ወይም ናሙናው ሲወፍር ዓይን ምን ላይ መቆም እንዳለበት የሚያስተምረው ከነባር ባለሙያ ጋር ተቀምጦ ብዙ ስላይድ፣ ማለትም ናሙና የተቀባበት መስታወት፣ ማየት ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የስላይድ ፎቶግራፍ እያየ ተሕዋስን የሚለይ ማሽን የሚሠለጥነው ባለሙያዎች ምልክት ባደረጉባቸው ምስሎች ስለሆነ፣ የማሽኑ ዕውቀት ከእነርሱ የተወሰደ ነው፤ ምልክት አድራጊው የሳተውን ማሽኑም ሊስት ይችላል። በሌላ አገር ቀለምና ካሜራ የሠለጠነ ማሽንም በሌላ ላቦራቶሪ ስላይድ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ «ተሕዋስ አለ» ወይም «የለም» የሚለውን ፍርድ ብቻ መዝግቦ ማለፍ በቂ አይደለም፤ ሁለት ባለሙያዎች የተለያዩበት ስላይድ፣ የተለያዩበት ምክንያትና በመጨረሻ የተስማሙበት ውሳኔ አብረው መቀመጥ አለባቸው፤ ለማሽኑም ለአዲሱ ሠራተኛም ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ወጣቱ ባለሙያ የማሽኑን መልስ አስቀድሞ ማየት ከለመደ የራሱ ዓይን ሳይሠለጥን መቅረቱ ነው፤ ያኔ ማሽኑ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው አይኖርም። ላቦራቶሪዎች ማሽን ከመግዛታቸው በፊት ነባር ባለሙያዎቻቸው በሥራ ላይ ሳሉ ዕውቀታቸውን ይመዝግቡ፤ ሠልጣኙም ስላይዱን በራሱ አንብቦ ፍርዱን ከጻፈ በኋላ ብቻ የማሽኑን ውጤት እንዲያይ ደንብ ያውጡ።