የረገበ የመኪና ወንበር

የመኪና ወንበር ለምን ይረግባል? ብዙ ሰው «ቆዳው ስለላላ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኛም ለማስተማር ወደ ቡሬ በዘመትንበት ክረምት እንደዚሁ ነበር የምናስበው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቆዳው የወንበሩ ልብስ ነው እንጂ ሸክም አይሸከምም። የሚሸከመው ከልብሱ ሥር ያለው ነው። እሱ ሲደክም ልብሱ ይሸበሸባል። ዓይናችን የሚያየው ሽብሽቡን ብቻ ስለሆነ ጥፋቱን በቆዳው ላይ እናሳብባለን።

ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት። ከመቱ የተነሣ መኪና ጎሬን አልፎ ቡሬ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል። ጥንት ይህ የበቅሎ መንገድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ ወዲህ፣ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቡሬን አቋርጦ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። የዚያ ዘመን በቅሎ ነጂ ይህን ጉዳይ ቢጠየቅ ቶሎ ይገባው ነበር። የኮርቻ መደላድል ሲሟሽሽ የበቅሎዋ ጀርባ ይገጠባል። ከላይ አዲስ ቆዳ ቢለብስም መደላድሉ ካልታደሰ ጀርባዋ አይድንም። የመኪና ወንበርም ያው ኮርቻ ማለት ነው፤ የሚጎዳው ግን የሾፌሩ ወገብ ነው።

እኛ ነገሩን የተማርነው ቡና ከሚያመላልሱ አንድ ሾፌር ነው። ወንበራቸው ከመስመጡ የተነሣ መንገዱን የሚያዩት በመሪው ላይ ሳይሆን በመሪው ቀዳዳ ውስጥ ነበር። ከሥራቸው አንድ ጋቢ አጥፈው ያደርጋሉ። «ጋሼ፣ ወገብዎን አያምዎትም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ወገቡስ ይሁን ልጆቼ። ጉም ሲወርድ ነው ጭንቁ። ዝቅ ብዬ ስለምቀመጥ የመንገዱ ጠርዝ አይታየኝም» አሉን። በጎሬና በቡሬ መካከል በክረምት የተጓዘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ገንዘብ አጠራቅመው አዲስ ቆዳ ሊያሰፉ አስበው ነበር። እኛ ግን መጀመሪያ እንክፈተው አልን።

ወንበሩን ከታች ወደ ላይ እንየው። ከታች የብረት ቋሚ አለ። በቋሚው ላይ ሞላ ይወጠራል፤ ሞላ ማለት ተጭነውት ሲለቁት ተመልሶ የሚነሣ የተጠማዘዘ ሽቦ ነው። በሞላው ላይ ጆንያ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሽቦው ስፖንጁን እንዳይቆርጠው ይከላከላል። ከጆንያው በላይ ስፖንጅ አለ። ቆዳው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጫፉም በትንንሽ የሽቦ ቀለበት ከቋሚው ጋር ይያዛል።

የትኛው እንደደከመ ለማወቅ መዳፍን አሳርፎ መጫን ነው። ወንበሩ ሲጢጥ ካለና ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ሞላው ተነቅሏል ወይም ተሰብሯል። ዝም ብሎ ሰምጦ ካልተመለሰ ስፖንጁ ሞቷል። በደንብ ተመልሶ ላዩ ብቻ ከተሸበሸበ ግን ያን ጊዜ ጥፋቱ በእርግጥ የቆዳው ነው። የረዳቱን ወንበርም ጎን ለጎን መጫን ይጠቅማል፤ ብዙ ስለማይሠራ ጤነኛው ምን እንደሚመስል ያሳያል። የሾፌሩ ወንበር ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው በበሩ በኩል ነው፤ ሲወጣና ሲገባ የሚረግጠው በዚያ ነውና።

የእኛ ሾፌር ወንበር ሲከፈት ሞላው ዝጎ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ነበር። አይገርምም። በዚህ አገር ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ነው፤ ሰው እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ይቀመጣል፤ ውኃው ሰርጎ ጆንያው ላይ ያድራል።

እዚህ ላይ አዋቂ ሆንን። የጠፍር አልጋ ትዝ አለን። ጠፍር ካልለፋ ቆዳ የሚቆረጥ ጠባብ ማሰሪያ ነው፤ እርጥብ ሳለ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ከበሮ ይጠነክራል። በሞላው ፈንታ ጠፍር ወጠርንበት። ለአሥር ቀን ያህል ሾፌሩም መረቁን፣ እኛም ኮራን። ከዚያ ዝናቡ በረታ። ያልለፋ ቆዳ ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ይለጠጣልም። የቤት አልጋ ከጣሪያ በታች፣ ከምድጃ አጠገብ ስለሆነ ይኖራል። መኪና ውስጥ ግን ጠፍሩ ረግቦ መሽተት ጀመረ። ያን ሽታ ረዳቱ እስካሁን አይረሳልንም።

ሁለተኛ የሠራነው በካላማዳሪ ነው። ውኃ የማይጠጣው ጎማ ነው። አሮጌ ካላማዳሪ በ5 ሳንቲሜትር ወርድ ቆረጥን። ርዝመቱን ከቋሚው ትንሽ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ ተስቦ እንዲያዝ ማለት ነው። ቋሚው 50 ሳንቲሜትር ከሆነ ለተወጠረው ክፍል 45 ይበቃል፤ ለማሰሪያ የሚታጠፈው ለብቻው ይጨመራል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን፣ ብረቱን ጸረ ዝገት ቀለም ቀብተን፣ አንዱን በአንዱ ላይና ታች እያሳለፍን እንደ ሰሌን ሠራነው። የተሰበረውን ሞላ በሽቦ ቀጥሎ ማለፍ ግን አይበጅም፤ ቅጥሉ ተመልሶ ይበጠስና ጫፉ ሰው ይወጋል። ተነቅሎ ከሌላ አሮጌ ወንበር በተገኘ ይተካ።

ልብሱ ሲፈታ እያንዳንዱ ቁራጭ ከየት እንደመጣ ምልክት ይደረግበታል። ፊደል የሚጠቅመው እዚህ ነው። ረዳቱ ማታ ማታ ከእኛ ጋር የሚማር ስለነበር፣ በጠመኔ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ በየቁራጩ ጀርባ ጻፈ። ስንመልሰው አንዳችን «ሀ አምጣ!» ስንል ሌላችን ሐመሩን ሐ አቀበልን፤ ግራው ከቀኙ ተቀያይሮ ተሰፋ። አስተማሪዎቹ እኛ ነበርን! ስለዚህ ድምፃቸው ያልተመሳሰለ ፊደል ምረጡ፤ ቁጥርም ይሆናል።

ስፖንጁ ጨርሶ ካልተፈረፈረ አይጣልም። ከሥሩ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ቢጨመርለት ይነሣል። ከዚህ የበለጠ ማጨቅ ስፌቱን ያፈነዳል፤ ሾፌሩንም ከጣሪያው ጋር ያጋጨዋል። ጭድና ገለባ አይሁን፤ ይበሰብሳል፣ አይጥም ይወልድበታል።

አሁን ወደ ቆዳው እንመለስ። ሥሩ ሲነሣ ሽብሽቡ ግማሹ በራሱ ይጠፋል። የቀረው በለብታ ይሰበሰባል፤ ግን መጀመሪያ እውነተኛ ቆዳ መሆኑን አረጋግጡ። ጀርባው እንደ ፀጉር የሚበጠር ጭረት ካለው ቆዳ ነው፤ ጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ከሆነ ፕላስቲክ ነውና ሙቀት ያቀልጠዋል። እውነተኛው ቆዳ በለስላሳ ሳሙና ይጠረግና፣ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ይጣልበታል፤ ከዚያ በእጅ እየተወጠረ በጥላ ይደርቃል። የፈላ ውኃና የጋለ ካውያ አይጠጋው! በዛፍ ልጣጭ የለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስበት እንደተጠበሰ ሥጋ ይኮማተራል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ቅቤ መቀባትም ልማድ ነው፤ ለጥቂት ቀን ያምራል፣ ኋላ ይሻግታል። ለቆዳ የተሠራ ቅባት በስሱ ይበቃል።

በአዲሶቹ መኪናዎች ከወንበሩ ሥር የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ አትንኩት። በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት በአንዳንዱ ወንበር ጎን ውስጥ ስላለ ያለአግባብ ቢነካ ሊፈነዳ ይችላል። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

የእኛ ሾፌር ወንበሩ ከተመለሰ በኋላ ሲቀመጡ በማስመሪያ ለካን፤ ከበፊቱ 9 ሳንቲሜትር ከፍ ብለዋል። ረዳቱ ቁጥሩንና ቀኑን በደብተሩ ጻፈ፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ሊለካ። ሾፌሩ የታጠፈውን ጋቢ አራግፈው ለበሱት፤ ለጎሬ ብርድ እንደሚፈልጉት ነገሩን።