የኮሌጅ አገር አቋራጭ ሩጫ የውጤት ግምት ጨዋታ

የኮሌጅ አገር አቋራጭ ሩጫ የውጤት ግምት ጨዋታ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ከመካሄዱ በፊት ተመልካቾች የቡድኖችንና የሯጮችን ደረጃ ገምተው የሚያስገቡበት፣ ከሩጫው በኋላም ግምታቸው ከእውነተኛው ውጤት ጋር እየተነጻጸረ ነጥብ የሚያገኙበት የመዝናኛ ጨዋታ ነው። «ፋንታሲ» ከሚባሉት የስፖርት ጨዋታዎች ጋር ይመደባል። ከእግር ኳስ ግምት የሚለይበት ዋና ነገር አለ፦ በአገር አቋራጭ ሩጫ የቡድንን ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ከፊት የሚመራው ኮከብ ሳይሆን ካሜራ የማያሳየው አምስተኛው ሯጭ ነው። ጨዋታውን ለማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ይህን ሯጭ ማወቅ አለበት።

ሻምፒዮናው

ግምት የሚሰጥበት ዋናው ውድድር ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር (ኤንሲኤኤ) የሚያዘጋጀው የዲቪዥን አንድ ሻምፒዮና ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1938 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በኢስት ላንሲንግ ከተማ ነው። የሴቶች ውድድር በማኅበሩ ሥር የተጀመረው ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። በአሁኑ ጊዜ ወንዶች 10 ኪሎ ሜትር፣ ሴቶች 6 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ወቅቱ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር ላይ ይውላል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ግን የ2020 ውድድር ወደ መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ተዛውሮ ነበር።

በወንዶችም በሴቶችም 31 ቡድኖች ይሳተፋሉ። አገሪቱ በ9 ክልሎች ተከፍላ፣ በየክልሉ ማጣሪያ 1ኛና 2ኛ የወጡት 18 ቡድኖች በቀጥታ ያልፋሉ። የቀሩት 13 ቡድኖች በውድድር ዘመኑ ባሳዩት ውጤት ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ቡድን 7 ሯጮች ያሰልፋል። ቡድናቸው ያላለፈላቸው 38 ሯጮች ደግሞ በግል ይጨመራሉ። በድምሩ 255 ሯጮች ከአንድ መስመር ይነሣሉ ማለት ነው።

የቡድን ነጥብ አቆጣጠር

የእያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያዎቹ 5 ሯጮች የገቡበት ደረጃ ይደመራል፤ ትንሹን ድምር ያገኘ ቡድን ያሸንፋል። ዝቅተኛው ሊሆን የሚችለው ድምር 15 ነው (1+2+3+4+5)። በሻምፒዮናው ለዚህ በጣም የቀረበው በ1981 እ.ኤ.አ. በወንዶች ያሸነፈው በኤል ፓሶ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ድምሩ 17 ነበር። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የኢትዮጵያና የኬንያ ቡድኖች የሚለዩትም በዚሁ ዘዴ ነው፤ እዚያ ግን በአሁኑ ደንብ የሚቆጠሩት 4 ሯጮች ናቸው።

6ኛውና 7ኛው ሯጭ ለራሳቸው ቡድን አይደመሩም። ሆኖም ከሌላ ቡድን ሯጭ ቀድመው ከገቡ የዚያን ሯጭ ደረጃ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚገፉት የተቃራኒውን ድምር ያሳድጋሉ። በግል የሚሮጡት 38ቱ ደግሞ የቡድን ነጥብ ሲሰላ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። በመሆኑም በአጠቃላይ 60ኛ የገባ ሯጭ ለቡድኑ የሚያስመዘግበው ነጥብ ከ60 ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጀማሪ ገማቾች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ ቡድን ሯጮቹን 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እና 4ኛ አስገብቶ አምስተኛው 40ኛ ቢወጣ ድምሩ 50 ይሆናል። ሌላው ቡድን አንድም ሰው ከፊት ሳይኖረው ከ5ኛ እስከ 9ኛ ቢይዝ ድምሩ 35 ነውና ያሸንፋል። አራት ሯጮች ተከታትለው ከሁሉም ቀድመው ገብተው ቡድናቸው ተሸነፈ ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ስሌት አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ስቲልዋተር በተደረገው የወንዶች ውድድር ሰሜናዊ አሪዞና ዩኒቨርሲቲና ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እኩል 83 ነጥብ አመጡ። እኩልነቱ የተፈታው የሁለቱ ቡድኖች አምስት አምስት ሯጮች አንደኛው ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው እየተነጻጸሩ ነው። በዚህም ሰሜናዊ አሪዞና 3 ለ 2 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት በሴቶች ኖርዝ ካሮላይና ስቴት 123፣ ሰሜናዊ አሪዞና 124 ነጥብ አግኝተው ዋንጫው በአንድ ነጥብ ተለየ። አንዲት ሯጭ መጨረሻው ላይ አንዲት ተፎካካሪ ብታልፍ ወይም ብትታለፍ የሚለወጥ ውጤት ነበር።

የጨዋታው አካሄድ

በብዛት የሚታየው ዓይነት የመጀመሪያዎቹን 10 ቡድኖችና 10 ሯጮች በቅደም ተከተል ማስገባት ነው። ሩጫው ከተጀመረ በኋላ ግምት መለወጥ አይቻልም። ሌላው ዓይነት የራስን ቡድን መመሥረት ነው፦ ተጫዋቹ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች 7 ሯጮች ይመርጣል፤ የ5ቱ ደረጃ ይደመርለታል፤ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ኮከቦችን ብቻ መምረጥ እንዳይቻል ለሯጮች ዋጋ ተተምኖ በጀት ይወሰናል፣ ወይም ተጫዋቾች ተራ በተራ ይመርጣሉ።

በኢትዮጵያም ብዙ ወጣቶች የሚያውቁት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ የምናብ በጀት 15 ተጫዋቾች የሚመረጡበት ነው። እዚያ በአንድ ሳምንት የተሳሳተ ሰው በሚቀጥለው ያስተካክላል። በአገር አቋራጩ ግን ወንዶቹ 30 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ መግባት ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ለማረም አንድ ዓመት መጠበቅ ነው።

ግምት እንዴት ይመዘናል

ቀላሉ ዘዴ በትክክል ለተገመተ ደረጃ ብቻ ነጥብ መስጠት ነው። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ 4ኛ ይወጣል የተባለ ቡድን 5ኛ ቢወጣም 30ኛ ቢወጣም ገማቹ እኩል ዜሮ ያገኛል።

የተሻለው ዘዴ ልዩነቶችን መደመር ነው። ውጤቱ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ሆነ እንበል። አንድ ገማች ለ፣ ሀ፣ ሐ፣ ሠ፣ መ ብሎ ከነበረ ሐን በትክክል አግኝቶ የቀሩትን አራቱን በአንድ በአንድ ደረጃ ስቷል፤ የስሕተቱ ድምር 4 ነው። ሌላው ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ሀ ቢል አራቱን በአንድ ደረጃ፣ ሀን በ4 ደረጃ ስለሳተ ድምሩ 8 ይሆናል። ይህ መለኪያ በስታቲስቲክስ በእንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን ስም ይታወቃል። ሌላው መለኪያ የሞሪስ ኬንደል ሲሆን የሚቆጥረው ቅደም ተከተላቸው የተገለበጠ ጥንዶችን ነው። በምሳሌው የመጀመሪያው ገማች 2፣ ሁለተኛው 4 ጥንዶች ገልብጠዋል። ኬንደል ይህን መለኪያ ያሳተመው ሻምፒዮናው በተጀመረበት በዚያው በ1938 እ.ኤ.አ. መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው።

ሁለቱም መለኪያዎች አንደኛን መሳትንና ዘጠነኛን መሳትን እኩል ያያሉ። የሩጫ አፍቃሪ ግን እኩል አያያቸውም። ስለዚህ ለላይኞቹ ደረጃዎች ተጨማሪ ክብደት መስጠት ይቻላል።

ሙሉ በሙሉ በትክክል መገመት ከሞላ ጎደል የማይቻል ነው። ከ31 ቡድኖች የመጀመሪያዎቹን 10 በቅደም ተከተል ለመደርደር ከ160 ትሪሊዮን በላይ መንገዶች አሉ።

የግምቱ አስቸጋሪነት

በመም ላይ የተሮጠ ሰዓት ስለ አገር አቋራጭ የሚናገረው በከፊል ብቻ ነው። ኮረብታው፣ ጭቃው፣ ነፋሱና ሣሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩ የሁለት ውድድሮችን ሰዓት በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ወንዶቹ በውድድር ዘመኑ በብዛት የሚሮጡት 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር የሚመጣው በክልል ማጣሪያውና በፍጻሜው ነው። ጠንካራ ቡድኖች ደግሞ በማጣሪያው ማለፍ ብቻ ስለሚበቃቸው ሯጮቻቸውን ሊያሳርፉ ይችላሉ። በመሆኑም ከፍጻሜው በፊት ያለው የመጨረሻ ማስረጃ ብዙ ጊዜ አሳሳች ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉ ተጫዋቾች ይህን እርግጠኛ አለመሆን በሞንቴ ካርሎ ዘዴ ለማስላት ይሞክራሉ። ለእያንዳንዱ ሯጭ አማካይ ሰዓትና ሊለዋወጥበት የሚችል ስፋት ይሰጡና ሩጫውን በኮምፒውተር ለምሳሌ 10,000 ጊዜ ያስሮጡታል። የእያንዳንዱን ሯጭ የሚጠበቅ ደረጃ አንድ ጊዜ ገምቶ ከመደመር ይህ ይሻላል፤ ምክንያቱም የአንዱ ደረጃ በሌሎቹ ሁሉ ላይ የተመሠረተ ነው። ከፊት ያሉት ተራርቀው ሲገቡ መሀል ያሉት ተጨናንቀው ስለሚገቡ፣ መሪውን አንድም ደረጃ የማያሳጣው የ3 ሰከንድ መዘግየት አምስተኛውን ሯጭ ብዙ ደረጃ ሊያሳጣው ይችላል። ችግሩ የአንድ ቡድን ሯጮች አብረው ሊደክሙ ወይም አብረው ሊጠነክሩ መቻላቸው ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ የሚያይ ፕሮግራም ይህን ይስተዋል።

ፕሮግራም የማይጽፉት ደግሞ የአሰልጣኞች ማኅበር የሚያወጣውን የ30 ቡድኖች ደረጃ ይከተላሉ። ይህ ከመሀል በላይ ለመገኘት ይበጃል፤ አንደኛ ለመውጣት ግን አይበቃም፤ ያንኑ ዝርዝር የገለበጡ ሁሉ እኩል ነጥብ ያገኛሉና። ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ በአንድ ቦታ ከብዙኃኑ መለየትና ትክክል ሆኖ መገኘት ይኖርበታል።

የግል አሸናፊን መገመት የቀለለ ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሚሮጠው ኤርትራዊው ሃብቶም ሳሙኤል በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. ከሃርቫርዱ ግራሃም ብላንክስ በጥቂት ሰከንዶች ተቀድሞ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ፤ ያሸነፈው በ2025 ነው። ከእሱ በፊት በኤርትራ የተወለዱት መብ ክፍለዝጊ በ1997፣ ወይኒ ቀላቲ በ2019 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሻምፒዮና አሸንፈዋል።

ከውርርድ ያለው ልዩነት

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን በአብዛኛው አገሪቱ ይከለክል የነበረውን የፌዴራል ሕግ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ከሻረ ወዲህ ውርርድ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ተፈቅዷል። ማኅበሩ ግን ሯጮች፣ አሰልጣኞችና የአትሌቲክስ ሠራተኞች በኮሌጅ ውድድሮች ላይ እንዳይወራረዱ ይከለክላል። ክልከላው ገንዘብ ተከፍሎባቸው ሽልማት የሚያስገኙ የፋንታሲ ጨዋታዎችንም ይጨምራል። ለአወራራጆች የውስጥ መረጃ መስጠትም የተከለከለ ነው። በነጻ የሚገባበት የግምት ጨዋታ የሚጣል ገንዘብ ስለሌለበት ውርርድ አይባልም።

በዚህ ስፖርት የውስጥ መረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። የአንድ ቡድን አምስተኛ ሯጭ ቁርጭምጭሚቱን መታመሙን የሚያውቁት አሰልጣኙና የቡድን ጓደኞቹ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህችው ወሬ ግን የቡድኑን ድምር በብዙ ነጥብ ትለውጣለች። በነጻው ጨዋታ ይህን ያልሰማ ሰው የሚያጣው ደረጃ ብቻ ነው። ገንዘብ ባለበት ግን ተሸናፊው ንዴቱን ወደ ሯጩ ሊያዞር ይችላል። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በ2024 እ.ኤ.አ. ክፍለ ግዛቶች በግለሰብ የኮሌጅ ስፖርተኞች ብቃት ላይ የሚደረግን ውርርድ እንዲከለክሉ የጠየቁበት አንዱ ምክንያት ተማሪዎቹን ከእንዲህ ያለው ጫና ለመጠበቅ ነው።